ይሰፋ ወይስ ይገዛ? ደብረ ብርሃን ላይ ሕፃን ላለበት ቤት

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው ኅዳር ላይ ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያኔ የምንኖረው አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ከኪራይና ከአስቤዛ የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ የሚያስፈልጋትን ሁሉ በእጄ እሰፋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ግማሹ በጣም ተሳካልኝ። ግማሹ ግን ገንዘቡንም ጊዜውንም በላው።

አሁን ታላቋ አምስት ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ሁለት ሞልቶታል። አዲስ የወለዱ ጓደኞቼ እየመጡ «ምኑን ልስፋ፣ ምኑን ልግዛ?» ይሉኛል። እኔ ሁሉን ነገር የምመዝነው በአንድ ሐሳብ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ብርድ ልብስ አያድግም። መጠኑ የማይለወጥ ነገር አዲስ ጨርቅ ቢገዛለትና ሳምንት ቢደከምበት ያወጣል። ብርድ ልብስ፣ የሽንት ጨርቅ፣ የፍራሽ ልብስ፣ መጋረጃ እንዲህ ናቸው። በአራት ወር የሚጠብ ሱሪ ግን የሚገባው አሮጌ ጨርቅና አንድ ምሽት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቀ መግዛት ይሻላል።

መኪና፣ እጅ ወይስ ልብስ ሰፊ?

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ የስፌት መኪና መግዛት ነው። እኔም ዕቁብ ሲደርሰኝ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በእግር የምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር ገዛሁ። ሲንጀር ጥሩ መኪና ናት። መብራት ቢጠፋም ትሠራለች፤ ቺንጋዋና መርፌዋም አይጠፋም። ችግሩ እሷ ላይ አልነበረም። አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ምድጃ በገባበት አንድ ክፍል ውስጥ ለመኪና ቦታ የለም። እኔ የምሰፋው ደግሞ ልጅቷ ስትተኛ ነው፤ ድምፁ ይቀሰቅሳታል። አምስት ወር ጥግ ይዛ ተቀመጠች። በስድስተኛው ወር ሸጥኳት።

መኪና የሚያዋጣው የተለየ ክፍል ወይም የተከለለ በረንዳ ላለው ሰው ነው። ለጎረቤትም ሰፍቶ ጥቂት ገቢ ለማግኘት ያሰበ ሰውም ቢገዛ አይጎዳም። በወር አንድ ሁለት ነገር ለሚሰፋ ቤት ግን ገንዘብ አስሮ ማስቀመጥ ነው።

የእጅ ስፌት ከምታስቡት በላይ ጠንካራ ነው። መርፌውን በእያንዳንዱ ስፌት ትንሽ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ከሰፋችሁ ከመኪና ስፌት አያንስም። የሚፈጀው ጊዜ ነው። እኔ እንዲህ አጥብቄ ስሰፋ አንድ ሜትር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድብኛል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ደጋግሜ እጠቀምበታለሁ። እናንተም አንድ ሜትር ሰፍታችሁ የራሳችሁን ሰዓት ያዙ። ማንኛውንም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የስፌቱን ርዝመት በሜትር ለኩና አባዙ። አሥር ሰዓት ከሆነ በምሽት አንድ ሰዓት እየሠራችሁ በአሥር ቀን ትጨርሳላችሁ። ሠላሳ ሰዓት ከሆነ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱት።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱም ቆርጣችሁ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዛችሁ፣ የሚሰፋበትን መስመር በጠመኔ አስምራችሁ ሂዱ። እሱ የቀረው ቀጥ አድርጎ መምታት ብቻ ስለሚሆን ዋጋው ይወርዳል። ዋጋውን ጨርቁን ሳትሰጡ ተነጋገሩ። አንድ ጊዜ ሳልነጋገር ትቼ ሄጄ ስመለስ የተጠየቅኩት አዲስ ከሚገዛው በላይ ነበር። ወቅቱንም ምረጡ። መስከረም ሊጠባ ሲል የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ለገናና ለፋሲካ ደግሞ የበዓል ልብስ ሥራ ይበዛባቸዋል። በዚያ ሰሞን ለሽንት ጨርቅ ጊዜ ያለው ሰው አታገኙም። ዚፕ፣ ኮሌታና ወፍራም ጂንስ ግን በማንኛውም ወቅት ለእነሱ ተዉት፤ በእጅ ጣት ያቆስላል።

አንድ ነገር ላይ አትቆጥቡ። ክር ላይ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ክንድ ያህል ፈትታችሁ በሁለት እጃችሁ ሳቡት። በቀላሉ ከተበጠሰ ሌላ ፈልጉ። በደካማ ክር የተሰፋ ነገር ሁለቴ ታጥቦ ይተረተራል፤ ያ ሁሉ ምሽት ከንቱ ይቀራል።

የሽንት ጨርቅ ወይስ ዳይፐር?

ለደብረ ብርሃንና ለሸዋ ሮቢት አንድ መልስ የለኝም። ሸዋ ሮቢት ያለችው ቆላ ላይ ነው፣ 1,280 ሜትር ገደማ። እዚያ ያለች ጓደኛዬ ጠዋት ያጠበችውን ጨርቅ ቡና አፍልታ በረካ ሳይደርስ ደርቆ ታነሣዋለች። እዚህ እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ አንድ ጨርቅ ሁለት ቀን ይንጠለጠልና ሽታ ይዞ ይወርዳል። ጣርማ በር አካባቢና ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ስለዚህ ምርጫው የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የፀሐይም ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። በየሁለት ቀኑ ለማጠብ ካሰባችሁ ቢያንስ 24 ጨርቅ ያስፈልጋል። 70 በ70 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በሦስት ማዕዘን ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል፤ ሕፃኑ ሲያድግም አጣጥፉን ቀይሮ ማሰር ይቻላል። የሽንት ጨርቅን እንደ ብርድ ልብስ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ያልፋል።

እንቁጠር። የአንዱ ዙሪያ 2 ሜትር ከ80 ነው። ለ24ቱ 67 ሜትር ስፌት ማለት ነው። በእጅ ከ33 ሰዓት በላይ። ይህ ለአራስ የሚሆን ሥራ አይደለም። አቡጀዴ ከገዛችሁ ከመውለዳችሁ በፊት ልብስ ሰፊ ጋ አስመትታችሁ አስቀምጡት። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን በሙቅ ውሃ እጠቡት። አቡጀዴ ይሰበሰባል፤ ከፋብሪካ የሚመጣበት ድርቀትም ውሃ እንዳይመጥ ያደርገዋል። ሦስት አራት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ነው ለስልሶ የሚመጠው።

ከዚህ የተሻለው ግን ቤታችሁ ውስጥ አለ። ያረጀ ነጠላና ያረጀ የጥጥ አንሶላ ከማንኛውም አዲስ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ውሃም ይመጥጣል። ነጠላውን ስትቆርጡት ጥለቱን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ለትራስ ልብስ ጠርዝ ይሆናል። የተቆረጠውን በኩል ብቻ መዘምዘም ስለሚበቃ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል።

እኔ ያደረግኩት ማቀላቀል ነው። ከመስከረም እስከ ግንቦት ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት አንድ ዳይፐር። ክረምት ላይ ቀንም ዳይፐር እጨምራለሁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሂሳቡ ይለወጣል፤ የሽንት ጨርቅ ውሃ ይበላል። ቆላ ላለች እናት ግን ጨርቁን ነው የምመክራት። በሙቀት ዳይፐር ውስጥ ላብ ስለሚታፈን ቆዳው ቶሎ ይቆጣል። ጨርቁን በደንብ አለቅልቁት፤ ሳሙና ወይም በረኪና ከቀረበት የሕፃኑን ቆዳ ያቃጥላል። ፀሐይ ከጠፋ በካውያ አድርቁት።

ዋናው ጉዳይ፦ ሌሊቱን በምን እንለፍ?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ደጋ ላይ ትልቁ ወጪም ትልቁ ጭንቀትም ይህ ነው።

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትራስም ሆነ ልቅ ብርድ ልብስ አይመከርም። ፊቱ ላይ ሊወጣና ሊያፍነው ይችላል። ግን ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ ልብስ አይተኛም። መልሱ የመኝታ ከረጢት ነው። እንደ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ሆኖ ታቹ የተዘጋ ማለት ነው። እግሩ ውስጥ ይንፈራገጣል፣ ጨርቁ ግን ወደ ፊቱ አይወጣም። የተዘጋጀ መግዛት ይቻላል፣ ውድ ነው። ከአሮጌ ጋቢ መስፋት ግን በሦስት ምሽት ያልቃል። ከሰፋሁት ሁሉ በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው።

ጋቢ አራት ንብርብር ነው። ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሳሳው ትከሻ ላይ የሚያርፈው መሃሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ ገና ጠንካራ ይሆናል። ከዳሩ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች አውጡ፣ የፊትና የኋላ። የአንገቱን ክብ የልጁን ካናቴራ አስቀምጣችሁ በጠመኔ ቅዱ። ጭንቅላቱ የማያልፍበት፣ ለአንገቱ ግን የማይጠብ መሆን አለበት። ትከሻው ላይ በቁልፍ ይከፈታል። ቁልፉን ደጋግማችሁ አጥብቁት። ቆብ አታድርጉበት፤ አንገት ላይ የሚታሰር ክርም አይኑር። ለተወለደ ልጅ 90 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ታቹን 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በሰፋ ስፌት ያዙት። ስድስት ወር ሲሞላው ትፈቱታላችሁ። አንዱ ከረጢት ዓመት ያልፋል።

ከዓመት በላይ ለሆነ ልጅና ለራሳችን ምርጫው ይበዛል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ለስላሳው የቻይና ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙም ያምራል። ደብረ ብርሃን ደግሞ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችን ያደግነው ከፋብሪካው በወጣ ብርድ ልብስ ሥር ነው። ከዚያ የመንዝ ባና እና ዝተት አለ፤ ከበግ ሱፍ ተፈትሎ የሚሠራ። ከጥጥ ደግሞ ቡሉኮ አለ። መጨረሻ ላይ በእጃችን የምንሰፋው አለ፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ለስላሳውን የቻይና ብርድ ልብስ ከሰል ለሚጠቀም ቤት አልመክርም። ጨርቁ ፕላስቲክ ነክ ነው። የእሳት ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ማንደጃ አጠገብ የሚድህ ልጅ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥጥም ይቃጠላል። ሱፍ ግን በቀላሉ አይያያዝም፤ ከእሳቱ ሲርቅም በራሱ ይጠፋል። ይህን ካልኩ አይቀር አንድ ልጨምር። በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ። ጢስ ባይኖረውም የሚገድል አየር አለው፤ ሽታ ስለሌለው አታውቁትም። ደህና ብርድ ልብስ ያለው ቤት ማንደጃውን ከመኝታ በፊት ለማውጣት አይሰጋም።

ሱፍ ሌላም ጥቅም አለው። ከራሱ ክብደት 30 በመቶ ያህል እርጥበት ቢጠጣም እርጥብ አይመስልም። ልጅ ሌሊት ሲያልበው ወይም ሲሸናበት ቶሎ አይቀዘቅዝበትም። ጉድለቱ መሻከሩ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ደረቅና ወፍራም ነው፤ ለበርኖስ የሚያስመርጠው ያ ጥንካሬው ለሕፃን ቆዳ ይዋጋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከባናው ሥር ሁልጊዜ የጥጥ አንሶላ ይኑር፤ ወይም አሮጌ አንሶላ እንደ ከረጢት ሰፍታችሁ ባናውን ውስጡ አስገቡ። አንሶላው ይታጠባል፣ ባናው በዓመት አንዴ ፀሐይና አየር ይበቃዋል።

ስለ ማጠብ የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አማቴ የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው። ልጅቷ ስትወለድ ከሱፍ ክር የተሠራ ትንሽ ሹራብ ይዘውላት መጡ። እኔ እንደ ሌላው ልብስ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ አሸሁት። ሲደርቅ ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆነ። አለቀስኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም።

«ሱፍ ሙቅ ውሃ አይወድም የኔ ልጅ። እንደ ራስሽ ፀጉር እጠቢው፤ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳታሺው» አሉኝ።

«እሺ እማማ፣ ይሄንንስ ምን ላድርገው?»

«ጫማ ይወጣዋል» አሉ።

እውነትም ወጣው። በሙቅ ውሃ የታሸ ሱፍ ይጠብቅና እንደ ወፍራም ጨርቅ ይሆናል፤ ቢቆረጥም አይተረተርም። በልጅቷ እግር ልክ ቆርጠን፣ በአሮጌ ጂንስ ሶል አድርገን፣ የቤት ውስጥ ጫማ ሰፋንላት። ሲሚንቶ ወለል ላይ እንደሱ የሚሞቅ ጫማ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ከሰልቫጅ የተቀደደ የሱፍ ሹራብ ሳገኝ ሆን ብዬ በሙቅ ውሃ አጠብቀዋለሁ።

ድሪቶ

በእጃችን የምንሰፋው ብርድ ልብስ ያልኩት ይህ ነው። ቃሉ ራሱ ሰው ያሳፍራል። ድሪቶ ሲባል የደሃ ልብስ፣ የተጣጣፈ፣ የተናቀ ነው የሚመስለን። እኔ ግን ቃሉን ሳልደብቅ ነው የምጠራው። በሥርዓት ተቆርጦ በሥርዓት የተሰፋ ድሪቶ አልጋ ላይ ሲነጠፍ ቤት ያስጌጣል። አሮጌ ሸሚዝና ጂንስ ከመጣል ይልቅ አሥር ዓመት ያገለግላል። የባለቤቴ የሥራ ሸሚዞች፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ የለበስኩት ቀሚስና የልጅቷ የመጀመሪያ አንሶላ አንዱ ላይ አሉ። ወንዱ ልጄ በጣቱ እየነካ «ይሄ የማን ነው?» ይለኛል።

ለአንድ ልጅ አልጋ 120 በ160 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። 20 በ20 የሆኑ 48 ካሬዎች ማለት ነው፣ ስድስት በስምንት። ለስፌት በየጎኑ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ እያንዳንዱን 23 በ23 ቁረጡ። ከካርቶን አንድ ልኬት ሠርታችሁ በሱ ቅዱ፤ በዓይን ግምት ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ አይገጥምም። መሃል የሚገባው የሳሳ ጋቢ ወይም የተቀደደ አሮጌ ብርድ ልብስ ይሁን። ጀርባው አቡጀዴ፣ ታጥቦ የተሰበሰበ።

ካሬዎቹን ለማያያዝ 16 ሜትር ከ40፣ ዙሪያውን ለመዝጋት 5 ሜትር ከ60። በጠቅላላ 22 ሜትር። በእጅ 11 ሰዓት። በምሽት አንድ ሰዓት ከሠራችሁ ሁለት ሳምንት አይሞላም። እኔ ይህን በእጄ ነው የምመርጠው፤ ካሬ በካሬ ስለሚሠራ ልጅ ቢነቃ ጥሎ መነሣት ይቻላል። ሦስቱን ንብርብር ለማያያዝም ዳር እስከ ዳር መስፋት አያስፈልግም። ካሬዎቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ሁሉ ወፍራም ክር ከላይ ወደ ታች አሳልፋችሁ በድርብ ቋጠሮ እሰሩት። መሃሉ አይንሸራተትም። የክሩን ጫፍ ግን አሳጥሩት፤ ልጅ ይስበዋል።

አንድ ጥንቃቄ። ወፍራም ጂንስና ስስ ሸሚዝ ጎን ለጎን አይሁኑ። ወፍራሙ ስሱን ይስበውና ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ጂንሱን ለብቻ ሰብስባችሁ ለሌላ ሥሩበት። የበረንዳ ምንጣፍ ወይም የገበያ ዘንቢል ይወጣዋል።

ከባና ጋር ሲወዳደርስ? ባና ይሞቃል፣ ድሪቶ ይታጠባል። ሁለቱንም ማግኘት ከቻላችሁ ባናውን ለኅዳርና ለታኅሣሥ፣ ድሪቶውን ለቀረው ዓመት። አንዱን ብቻ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃንና መንዝ ላለ ሰው ባና ላይ ገንዘብ ያውጣ እላለሁ። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ዘመድ ካላችሁ እንዲያዩላችሁ ንገሯቸው። ኤፌሶንና ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ድሪቶው፣ ያለ መሃለኛው ንብርብር፣ ከበቂ በላይ ነው።

የልጅ ልብስ

ሱሪና ሸሚዝ ከአዲስ ጨርቅ ቆርጦ መስፋት ለልጅ አያዋጣም። ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ ክርና የልብስ ሰፊ ዋጋ ሲደመር ሰልቫጅ ተራ ላይ ሦስት ይገዛል። ሰልቫጅ ስትገዙ ጉልበቱንና ብብቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ብርሃን ካሳለፈ ሳስቷል። ዚፑን ሦስቴ ክፈቱና ዝጉት። ቤት ስትገቡ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ተኩሱት፣ ሱፉን ግን እማማ እንዳሉት።

ልዩ የሆነው የሕፃን ሱሪ ነው። የትልቅ ሰው ሹራብ ካረጀ ሁለቱን እጅጌዎች ከብብቱ ቁረጡ። እጅጌው እግር ይሆናል፣ የእጁ ጫፍ ቁርጭምጭሚት ላይ ራሱ ይይዛል። የላይኛውን በኩል የተወሰነ ሰንጥቃችሁ ሁለቱን አጋጥሙ፣ ወገቡ ላይ ላስቲክ የሚያልፍበት እጥፋት አድርጉ። ስፌቱ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም። ከአንድ ሰዓት በታች። ሁለቱም ልጆቼ የዳሁት በዚህ ነው።

ሹራብ መሥራት ለምትችሉ ደግሞ ክሩን ከየት ታመጣላችሁ የሚለው ነው ጥያቄው። ለሕፃን ሹራብ ከ100 እስከ 150 ግራም ክር ይበቃል። አዲስ መግዛት ቀላል ነው። ከሰልቫጅ ሹራብ ተርትሮ ማውጣት ግን ያነሰ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም የተሻለ ሱፍ ይገኝበታል። ከመግዛታችሁ በፊት ሹራቡን ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚዘመዝም መኪና) የተዘጋ ከሆነ ተዉት። ሲተረተር ቁርጥራጭ ክር ነው የሚወጣው። ጎኑ ሳይቆረጥ ለብቻው በሰንሰለት መልክ የተሰፋ ከሆነ ስፌቱን ፈትታችሁ ከአንገቱ ጀምራችሁ ተርትሩት፤ አንድ ወጥ ክር እየረዘመ ይመጣል። የተጠማዘዘውን ክር ወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልሉት፣ በአራት ቦታ አስራችሁ አርጥቡትና ከታቹ ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁ አድርቁት። ቀጥ ይላል። ከዚያ በልቃቂት ጠቅልሉት።

ሌላው ሌላው

የፍራሽ ልብስ ስፉ፣ ፍራሹን ግዙ። ገለባ ርካሽ ነው፤ ግን አቧራው ሕፃን ያስነጥሳል፣ በየመከሩም መለወጥ አለበት። የስፖንጅ ቁርጥራጭ ይጓጉላል። ጥጥ ጥሩ ነው፣ በዓመት አንዴ አውጥቶ መንደፍና ማናፈስ ለሚችል።

አሻንጉሊት በፍጹም አትግዙ። ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ ስፉ፤ ኳስም ይሆናል፣ በግም ይሆናል። ዓይኑን በክር ጥለፉ እንጂ ቁልፍ አታድርጉ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ነቅሎ ይውጠዋል።

ስለ አለላ ስፌት ብዙ እጠየቃለሁ። ሰፌድና ሞሰብ በአክርማና በስንደዶ መስፋት የሚያስደስት ሙያ ነው። የሚያስተምራችሁ እናት ወይም አክስት ካለች ተማሩት፣ ልጆቻችሁም ይዩት። ለመቆጠብ ብላችሁ ግን አትጀምሩት። አንድ ሞሰብ ወራት ይፈጃል።

የጥምቀት ቀሚስ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ሴት ልጅ ላላት እናት ደግሞ ጥር 11 በየዓመቱ ይመጣል። የተዘጋጀ የሕፃናት የሐበሻ ቀሚስ ያምራል፣ አንድ ዓመት ይለበሳል፣ ከዚያ ያጥራል። ሰልቫጅ እዚህ አይረዳም። ስለዚህ ለሽማኔ ተነግሮ ጥለቱ በታች በኩል ያለ ወጥ ጨርቅ ማሠራት መረጥኩ።

መቀስ ያረፈበት አንገቱና እጁ ላይ ብቻ ነው። ወርዱን አልቆረጥኩትም፤ ትርፉን ወገቡ ላይ ሰብስቤ በእጅ ሰፋሁት። ቁመቱን ደግሞ ከጥለቱ በላይ ወደ ውስጥ ሦስት እጥፍ አድርጌ በሰፋ ስፌት ያዝኩት፤ ከውጭ ሲታይ የተሰመረ ጌጥ ይመስላል። የመጀመሪያውን ጥር ሦስቱም እጥፎች ነበሩ። ሁለት ዓመቷ ላይ አንዱን ፈታሁ፣ አራት ዓመቷ ላይ ሁለተኛውን። ወገቡንም ያኔ ለቀቅ አደረግኩት። ዘንድሮ አምስት ሆና ለበሰችው፤ ሦስተኛው እጥፍ ገና አልተፈታም፣ ቅምቅማቱ ውስጥም አራት ጣት ጨርቅ አለ።